የአብራሪ ልምድ በሂሳብ መዝገብ ላይ የት ይጻፋል?

ጥያቄ፦ «በሙያዬ የሂሳብ ባለሙያ ነኝ። አንድ አየር መንገድ ወጪ ለመቀነስ ሲነሣ፣ በአገልግሎት የገፉና ከፍተኛ ደመወዝ የሚያገኙ ካፒቴኖችን በጡረታ አሰናብቶ በወጣቶች መተካቱ ለምን እንደ ጥፋት እንደሚቆጠር አይገባኝም። የሁሉም ፈቃድ አንድ ነው፤ አብዛኛውን መንገድ የሚያበረውም አውቶፓይለቱ ነው። በኒውዮርክ ሃድሰን ወንዝ ላይ ያረፈው አውሮፕላን ታሪክስ ቢሆን ዕድል የረዳው አልነበረምን? ኩባንያው በእውነት እየከሰረ ከሆነስ ከየት ይቀንስ?»

ምላሽ፦

ጥያቄዎ ብዙ የሥራ አመራር አባላት በልባቸው ይዘው በአደባባይ የማይናገሩትን ስለሆነ፣ «ሕይወት በገንዘብ አይተመንም» በሚል አጭር መልስ ልሸኝዎ አልፈልግም። በዚህ ሙያ ሕይወት በገንዘብ ይተመናል፤ ስንት ኪሎ መጠባበቂያ ነዳጅ እንደሚጫን፣ አብራሪው በዓመት ስንት ቀን ሲሙሌተር (በረራን አስመስሎ የሚያሠለጥን ማሽን) ውስጥ እንደሚገባ፣ በሁለት በረራዎች መካከል ስንት ሰዓት እንደሚተኛ በተወሰነ ቁጥር አንድ ተመን አብሮ ተወስኗል። ለረጅም ዓመታት በመስመር በረራ፣ ከዚያም በሲሙሌተር አሠልጣኝነት ስለ ሠራሁ፣ ላስረዳዎ የምሞክረው ያ ተመን የሚሳሳተው የት ላይ እንደሆነ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹን የምጽፈው በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ነው።

አስቀድሜ እውነት ያለዎትን ልቀበል። እንከን በማይገጥመው በረራ ላይ፣ አብዛኛው በረራም እንዲህ ያለ ነውና፣ የ20 ሺህ ሰዓት ካፒቴንና የጥቂት መቶ ሰዓት ረዳት አብራሪ የሚሠሩት ሥራ ለተሳፋሪው አይለይም። እንዲያውም በሲሙሌተር ውስጥ በመጽሐፍ የተጻፈውን ፈተና፣ ለምሳሌ በመንደርደር ላይ ሳሉ የአንድ ሞተር መቆምን፣ ስሰጣቸው ትምህርቱ ያልበረደላቸው ወጣቶች ከአንጋፋዎቹ ይልቅ እጃቸው ፈጥኖና ጠርቶ ያገኘኋቸው ጊዜ ጥቂት አይደለም። ልዩነቱ የሚወጣው ፈተናው ከመጽሐፉ ሲወጣ ነው። ሁለት ትናንሽ ብልሽቶችን በአንድ ጊዜ ሰጥቼ፣ የመድረሻውን አየር ቀስ በቀስ እያበላሸሁ፣ ከኋላ ደግሞ የታመመ ተሳፋሪ አለ የሚል መልእክት ሳስገባ፣ አዲሱ አብራሪ ቼክሊስቱን፣ ማለትም እርምጃዎቹ በተራ የተጻፉበትን ሰነድ፣ አውጥቶ ከላይ ወደ ታች ማንበብ ይጀምራል። የቆየው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ «ስንት ደቂቃ አለን?» ብሎ ይጠይቃል። ጊዜ ካለው ሆነ ብሎ ይዘገያል፤ ከሌለው ቼክሊስቱን ከመሐል ያቋርጣል። ይህን የመለየት ችሎታ በፈቃድ ወረቀት ላይ የሚያሰፍር ባለሥልጣን የለም፤ ፈቃዱ የሚመሰክረው ከዚህ በታች መውረድ አይፈቀድም የሚባለውን ልክ ብቻ ነው።

ስለ አውቶፓይለቱም ያሉት ልክ ነው፤ ሆኖም መሣሪያው አውሮፕላኑን ለሰው የሚለቀው ሲቸግረው መሆኑን ያስቡ። ጁን 1 ቀን 2009 ከሪዮ ዴ ጃኔሮ ወደ ፓሪስ ይበር የነበረው የኤር ፍራንስ ቁጥር 447 ኤርባስ ኤ330፣ አትላንቲክ ላይ ሳለ የፍጥነት መለኪያ ቱቦዎቹ በበረዶ ሲደፈኑ አውቶፓይለቱ ራሱን አላቀቀና አውሮፕላኑን በጨለማ ለሁለት ረዳት አብራሪዎች አስረከበ፤ ካፒቴኑ ተራው ደርሶ በዕረፍት ላይ ነበር። ሞተሮቹም ክንፎቹም ደኅና ነበሩ። መሪውን የያዘው አብራሪ ግን አፍንጫውን ወደ ላይ ሳበው፣ ክንፉም አውሮፕላኑን መሸከም አቃተው (ስቶል የሚባለው ይህ ነው)፣ ምን እየሆነ እንደሆነ ሳይረዱት ከአምስት ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ውስጥ አውሮፕላኑ 228 ሰዎችን ይዞ ባሕር ገባ። እነዚህ አብራሪዎች በበረራ ሰዓት ድሆች አልነበሩም፤ የጎደላቸው በዚያ ከፍታ ላይ አውሮፕላንን በገዛ እጅ የማብረር ልምድ ነበር፤ በዚያ ከፍታ ላይ ሁልጊዜ የሚያበረው ማሽኑ ነበርና። ማሽኑ ሥራውን ባቀለለ ቁጥር ሰው በእጁ የሚማርበት ጊዜ ስለሚያንስ፣ አውቶማቲክ በበዛበት ዘመን እውነተኛ ልምድ ይወደድ እንደሆነ እንጂ አይረክስም።

የሃድሰኑ ጉዳይ ዕድል ነበረበት ወይ ላሉት፣ አዎን ነበረበት። ጃንዋሪ 15 ቀን 2009 ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፣ ውኃው አልተናወጠም፣ የመንገደኛ ጀልባዎችም በአቅራቢያው ነበሩ። ዕድል ያልነበረው ግን የሚከተለው ነው። ከላጋርዲያ ተነሥቶ ወደ ሻርሎት ያቀናው የዩኤስ ኤርዌይስ ቁጥር 1549 ኤርባስ ኤ320 ገና 2,800 ጫማ ያህል ላይ ሳለ ከዝይ መንጋ ጋር ተጋጭቶ ሁለቱም ሞተሮቹ ኃይላቸውን አጡ። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ውኃውን እስኪነካ የነበረው ጊዜ 208 ሰከንድ ነው። ካፒቴን ቼስሊ ሰለንበርገር በዚያን ቀን 19,663 የበረራ ሰዓት ነበራቸው። መጀመሪያ ካደረጓቸው ነገሮች አንዱ በጅራቱ በኩል ያለውን ረዳት የኃይል ሞተር ማስነሣት ነበር። ቼክሊስቱ ይህንን የሚያዝዘው እጅግ ወደ ኋላ ላይ ነው፤ ሰነዱ የተዘጋጀው በትልቅ ከፍታ ላይ ለሚሆን የሁለት ሞተር መቆም ስለ ነበር፣ ሁለቱ አብራሪዎች በነበራቸው ጊዜ ከሦስት አንዱን ያህል ብቻ ነው መጨረስ የቻሉት። በተራው ቢጠብቁት ኖሮ አይደርሱበትም ነበር። ያ ትንሽ ሞተር ኤሌክትሪኩን ስላላቋረጠ፣ አውሮፕላኑን ከመጠን በላይ ከመዘግየት የሚጠብቀው ኮምፒውተር እስከ ውኃው ድረስ ሠራ።

ሁለተኛው ነገር የሥራ ክፍፍሉ ነው። ረዳት አብራሪው ጄፍሪ ስካይልስ ነበሩ አውሮፕላኑን ያነሡት፤ ካፒቴኑ ወዲያው መሪውን ተቀበሉ። ኋላ እንዳስረዱት፣ በዚያ ዓይነት አውሮፕላን ላይ የበለጠ ሰዓት የነበራቸው እሳቸው ነበሩ፤ ስካይልስ ደግሞ የኤ320 ሥልጠናቸውን ገና መጨረሳቸው ስለ ነበር ቼክሊስቱን ፈልጎ ለማግኘት የተሻሉ ነበሩ። ይህን ውሳኔ በሁለት ሦስት ሰከንድ ውስጥ መወሰን ማለት ራስንም ባልደረባንም ቀድሞ መዝኖ መቆየት ማለት ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ በምርመራው ጊዜ አብራሪዎችን በሲሙሌተር ፈትኖ ነበር፤ የሚሆነውን አስቀድመው አውቀው ወዲያው ከዞሩት ከፊሎቹ ላጋርዲያ መመለስ ችለው ነበር፤ አንድ ሰው ነገሩን ለመረዳትና ለመወሰን የሚፈጅበት 35 ሰከንድ ሲጨመር ግን አልተቻለም። 155ቱም ሰዎች በሕይወት ወጡ። ከኋላ የነበሩት ሦስት የበረራ አስተናጋጆችም እያንዳንዳቸው ከ25 ዓመት በላይ የሠሩ ነበሩ። ለሙያዎ የሚስማማ አንድ ነገር ልጨምር፤ አውሮፕላኑ እንደ ጀልባ የሚያገለግሉ የመውጫ መንሸራተቻዎች ነበሩት፣ ለዚያ መስመር ግን ደንቡ አያስገድድም ነበር። በማለዳ ስብሰባ ላይ «ይህ ክብደት ለምን ይጫናል?» ብሎ የሚጠይቅ ቢነሣ የሚመልስለት አይገኝም ነበር።

አሁን ወደ ወጪ ቅነሳው እንምጣ። ስካይልስ በጠቅላላው 15,643 ሰዓት የነበራቸው፣ ቀደም ሲል ካፒቴን የነበሩ ሰው ናቸው። በረዳት አብራሪው ቀኝ ወንበር የተቀመጡት ኩባንያው ሲጠብና አብራሪዎች ሲቀነሱ ከማዕረጋቸው ወርደው ነው። ስለዚህ በዚያን ቀን ሁለት ካፒቴኖች በአንድ ኮክፒት የተገኙት በመቀነሱ ሳቢያ ነበር ማለት ይቻላል፤ ቅነሳውን ለማመስገን የሚደፍር ካለ ይህን ይጥቀስ። በፌብሩዋሪ 2009 ሁለቱ በአሜሪካ ምክር ቤት የአቪዬሽን ንዑስ ኮሚቴ ፊት ሲቀርቡ ሁሉም ስለ ዝዮቹ እንዲያወሩ ጠብቆ ነበር። ካፒቴን ሰለንበርገር የተናገሩት ግን ደመወዛቸው በ40 በመቶ እንደ ተቀነሰ፣ ጡረታቸውም ተቋርጦ ከዶላሩ ሳንቲም በምታስቀር የመንግሥት ዋስትና እንደ ተተካ ነበር። ስካይልስ ደግሞ የመካከለኛ ኑሯቸውን ለማቆየት በሁለት ሥራ ሳምንቱን ሙሉ፣ ሰባቱንም ቀን እንደሚሠሩ ተናገሩ። ዩኤስ ኤርዌይስ በ2002 እና በ2004 ሁለት ጊዜ የኪሳራ ጥበቃ ጠይቆ ነበር፤ የአብራሪዎቹ የጡረታ ዕቅድ የተቋረጠው በ2003 ነው። እርስዎ እንደሚያውቁት ይህ ዕዳ አልጠፋም፤ ከኩባንያው መዝገብ ወጥቶ ከፊሉ ወደ መንግሥታዊው የጡረታ ዋስትና ድርጅት፣ የቀረው ወደ ጡረተኛው ቤት ተዛወረ።

ከሃድሰኑ 28 ቀን በኋላ፣ ፌብሩዋሪ 12 ምሽት፣ ከኒውአርክ ወደ ቡፋሎ የሚበር ባለ ሁለት ፕሮፔለር ዳሽ 8 አውሮፕላን ለማረፍ ሲቃረብ ወድቆ በላዩ የነበሩትን 49 ሰዎችና በመኖሪያ ቤቱ የነበረ አንድ ሰው ገደለ። ተሳፋሪዎቹ ትኬት የገዙት በኮንቲኔንታል ስም ነበር፤ አውሮፕላኑን ያበረው ግን በውል የሚሠራለት ኮልጋን የተባለ አነስተኛ ኩባንያ ነው። ውድ አብራሪ ያለው ትልቅ አየር መንገድ አጫጭር መስመሮቹን ርካሽ አብራሪ ላለው ኩባንያ ሲያስተላልፍ፣ ቀለሙና ምልክቱ ግን ሳይለወጥ ሲቀር፣ ተሳፋሪው ማን እንደሚያበረው የሚያውቅበት መንገድ የለም። ረዳት አብራሪዋ ሌሊቱን ከሲያትል በጭነት አውሮፕላን ተሳፍራ፣ በሜምፊስ በኩል አድርጋ ነበር ለሥራ ኒውአርክ የደረሰችው፤ ዓመታዊ ደመወዟ ከ25 ሺህ ዶላር በታች ስለ ነበር በኒውዮርክ አካባቢ ቤት መከራየት የሚታሰብ አልነበረም። ካፒቴኑ 3,379 ሰዓት ነበረው፣ በዚያ ዓይነት አውሮፕላን ላይ ግን 111 ብቻ፤ በፈተናም ከአንድ ጊዜ በላይ ወድቋል። ፍጥነቱ ወርዶ መሪው በእጁ ላይ ሲንቀጠቀጥ አፍንጫውን ወደ ታች መልቀቅ ሲገባው ወደ ራሱ ሳበው። ኩባንያው መሪውን በራሱ ወደ ፊት የሚገፋውን መሣሪያ በዚያ አውሮፕላን ሲሙሌተር ውስጥ አላሳየውም ነበር። የዚያ ሥልጠና ወጪ ተቀንሷል ማለት ነው፤ በየትኛው ሩብ ዓመት ሪፖርት ላይ እንደ ትርፍ እንደ ተመዘገበ እርስዎ ከእኔ ይልቅ ይገምቱታል።

የሟቾቹ ቤተሰቦች ሳይታክቱ በመወትወታቸው በ2010 ሕግ ወጣ፤ ከ2013 ጀምሮም በአሜሪካ የመንገደኛ አየር መንገድ ላይ ረዳት አብራሪ ሆኖ ለመቀጠር በመሠረቱ 1,500 የበረራ ሰዓት ግዴታ ሆነ፤ ከዚያ በፊት 250 ሰዓት ይበቃ ነበር። እዚህ ላይ ከብዙ ባልደረቦቼ ጋር አልስማማም። የኮልጋን ሁለቱም አብራሪዎች ከ1,500 በላይ ሰዓት ስለ ነበራቸው ደንቡ ቀድሞ ቢኖር አያግዳቸውም ነበር። አንድ ወጣት ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን ይዞ በፀሐያማ ቀን በአንድ ሜዳ ዙሪያ ሺህ ሰዓት ቢመላለስ ሰዓቱ ይቆጠርለታል፤ ደመና ውስጥ መግባትን፣ በረዶን፣ ከሌላ አብራሪ ጋር መነጋገርን ግን አልተማረም። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባል የለ? ከኮልጋኑ አደጋ በኋላ እስከ 2025 መጀመሪያ ድረስ በአሜሪካ የመንገደኛ አየር መንገዶች ላይ ብዙ ሰው የጨረሰ አደጋ አለመድረሱን የሰዓቱ ደንብ ደጋፊዎች እንደ ማስረጃ ያቀርቡታል። እኔ የዕረፍት ሰዓት ደንቡ መጥበቁን፣ የስቶል ሥልጠናው መለወጡን፣ አብራሪዎች ስሕተታቸውን ያለ ቅጣት የሚያሳውቁበት አሠራር መስፋፋቱን ባስቀድም እመርጣለሁ።

በዕድሜ መግፋትም ብቻውን ዋስትና አይደለም። ማርች 27 ቀን 1977 በቴነሪፍ ደሴት ሁለት ቦይንግ 747 ተጋጭተው 583 ሰዎች ሲያልቁ፣ ያለ ፈቃድ መንደርደር የጀመረው የኬኤልኤም ካፒቴን የአየር መንገዱ ዋና አሠልጣኝ ነበር፤ አጠገቡ የተቀመጡት ጥርጣሬያቸውን ቢናገሩም አልሰማቸውም። ዛሬ የምናስተምረው የኮክፒት የቡድን ሥራ ትምህርት ከእንዲህ ያለው ደም የመጣ ነው። ስለዚህ ለልምድ ስከራከር ለሽበት እየተከራከርኩ አይምሰልዎት። የምከራከርለት በግራ ወንበር ያለው ካፒቴን የሚያውቀውን ለቀኝ ወንበር የሚያስተላልፍበት፣ የቀኙም ያለ ፍርሃት የሚጠይቅበት የዓመታት ሰንሰለት ነው። ወጣት ረዳት አብራሪ ከደንቡ ውጭ የሚማረው ሁሉ፣ ደመናውን በራዳር ማንበብ፣ ከተቆጣጣሪው ጋር መደራደር፣ ማረፉን ትቶ እንደገና መነሣትን እንደ ሽንፈት አለመቁጠር፣ ከዚያ ወንበር ነው የሚተላለፈው። ሥራ አመራሩ አንጋፋውን ሲያሰናብት አንድ ደመወዝ የቀነሰ ይመስለዋል፤ ያጣው ግን በወር 80 ሰዓት ያህል ያለ ተጨማሪ ክፍያ የሚያስተምር መምህር ነው።

የአማርኛ አንባቢ ይህን ሲያነብ ሁለት የራሱ በረራዎች እንደሚመጡበት አውቃለሁ። ኖቬምበር 23 ቀን 1996 ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ሲበር የተጠለፈውን የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቁጥር 961 ቦይንግ 767 ያበሩ የነበሩት ካፒቴን ልዑል አባተ፣ ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ተጠልፈው ያውቁ ነበር። ጠላፊዎቹ ወደ አውስትራሊያ ውሰደን ሲሉ፣ ነዳጁ እንደማይበቃ ማስረዳት ባይሳካላቸው የአፍሪካን ዳርቻ ተከትለው ወደ ደቡብ በረሩ፤ ወደ ውቅያኖሱ እንዲዞሩ ሲገደዱም አፍንጫውን ወደ ኮሞሮስ ደሴቶች አቀኑ። ነዳጁ አልቆ ሁለቱም ሞተሮች ከቆሙ በኋላ፣ ከጠላፊ ጋር ግብግብ ባለበት ኮክፒት ውስጥ፣ ሰው ካለበት የባሕር ዳርቻ አጠገብ ውኃው ላይ አሳረፉት። ከ175ቱ 50ዎቹ ተረፉ። ለዚህ የተጻፈ ቼክሊስት በየትኛውም አየር መንገድ አልነበረም፤ በክፍት ባሕር ላይ ነዳጅ ቢያልቅ ኖሮ ግን የሚተርፍ ማግኘት ከባድ ነበር።

ሁለተኛው ማርች 10 ቀን 2019 ቢሾፍቱ አጠገብ የወደቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቁጥር 302 ቦይንግ 737 ማክስ ነው። 157 ሰዎች አለቁ፤ የረዳት አብራሪው 361 ሰዓት ወዲያው በአሜሪካ መነጋገሪያ ሆነ። ካፒቴን ሰለንበርገር ራሳቸው በመጀመሪያዎቹ ቀናት የረዳቱን ሰዓት ማነስ ነቅፈው ጽፈው ነበር። በዚያው ዓመት ጁን ወር በምክር ቤቱ ሲመሰክሩ ግን፣ በሲሙሌተር ውስጥ ሁኔታውን ሞክረውት እንደነበርና የሚሆነውን እያወቁ እንኳ አብራሪዎቹ ጊዜ እንዴት እንዳለቀባቸው እንዳዩ ተናገሩ። ይህን ጉዳይ የማነሣው ለመሟገት ብቻ አይደለም፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ ወጪ የቆጠበው አየር መንገዱ ሳይሆን አምራቹ ነበር። ቦይንግ 737 ማክስን ሲሸጥ አብራሪዎች ተጨማሪ የሲሙሌተር ሥልጠና አያስፈልጋቸውም ብሎ ነበር፤ ሥልጠና ግዴታ ከሆነ ለሳውዝዌስት አየር መንገድ በአንድ አውሮፕላን 1 ሚሊዮን ዶላር ሊቀንስለትም ተዋውሎ ነበር። ኤምካስ የተባለው፣ በአንድ ዳሳሽ ብቻ እየተመራ አፍንጫውን ወደ ታች የሚገፋው ሥርዓት፣ በኦክቶበር 2018 የላየን ኤር አውሮፕላን 189 ሰዎችን ይዞ እስኪወድቅ ድረስ በአብራሪዎች መመሪያ ውስጥ አልተገለጸም ነበር። የቁጥር 302 ካፒቴን 8,122 ሰዓት ነበራቸው። ልምድ የጎደለውን መረጃ በግምት ሊሞላ አይችልም። የሥልጠናው ቀን ተቆጥቦ በጃንዋሪ 2021 ኩባንያው ከአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ጋር በ2.5 ቢሊዮን ዶላር ስምምነት ተፈራረመ፤ አውሮፕላኑም 20 ወር ያህል መሬት ላይ ቆየ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚሉት ይህን ነው።

ወደ እርስዎ ሙያ ልመለስ። በዓለም አቀፉ የሂሳብ ደረጃ አይ.ኤ.ኤስ 38 መሠረት ለሠራተኛ ሥልጠና የወጣ ገንዘብ ወዲያው እንደ ወጪ ይመዘገባል፤ ኩባንያው በሰው ላይ በቂ ቁጥጥር ስለሌለው የሠለጠነ ሠራተኛ ንብረት ተብሎ አይያዝም። ደንቡ በራሱ ትክክል ነው። ውጤቱ ግን በክንፉ ሥር ያለው ሞተር በንብረት በኩል ሲጻፍ፣ ያ ሞተር ሲቆም አውሮፕላኑን የሚያወርደው ሰው በወጪ በኩል ብቻ መታየቱ ነው። መዝገቡን ብቻ የሚያነብ ሥራ አስኪያጅ እጁ ወደ ወጪው ቢዘረጋ አልፈርድበትም። የሚቀንሰውን መጠን ግን አብረን እናስላው። ካፒቴኑ በሰዓት 350፣ ረዳቱ 200 ዶላር ያገኛሉ ብለን እንገምት፤ 150 ሰው በያዘ አውሮፕላን ላይ ይህ ለአንድ ተሳፋሪ በሰዓት ከ4 ዶላር በታች ነው። ሁለቱንም በግማሽ ዋጋ ብንተካቸው፣ ሁለት ሰዓት በሚፈጅ በረራ ከአንድ ትኬት ላይ የምናተርፈው 3 ዶላር ከ67 ሳንቲም ያህል ይሆናል፤ ለአንድ ሻንጣ ከሚጠየቀው በእጅጉ ያነሰ ማለት ነው። ያለ በቂ ምክንያት ወደ ሌላ ከተማ የሚያመራ አንድ በረራ ብቻ፣ ነዳጁ፣ ሆቴሉ፣ የተበላሸው ቀጣይ መርሐ ግብር ሲደመር፣ ከብዙ እንዲህ ዓይነት በረራ የተቆጠበውን ይበላል፤ መቼ ማምራት እንዳለበትና መቼ አሥራ አምስት ደቂቃ መጠበቅ እንደሚያዋጣ የሚያውቀው ደግሞ የቆየው አብራሪ ነው።

ደግሞም የከፍተኛው ደመወዝ ምሥጢር ከውጭ እንደሚታየው አይደለም። በአሜሪካና በብዙ ሌሎች አየር መንገዶች ደመወዙ፣ የአውሮፕላኑ ዓይነት፣ የዕረፍት ቀኑ ሁሉ የሚወሰነው በአገልግሎት ቅደም ተከተል ቁጥር ነው፤ ይህ ቁጥር ደግሞ ከኩባንያ ወደ ኩባንያ አይሻገርም። 25 ዓመት ያገለገለ ካፒቴን ነገ ወደ ተፎካካሪው ቢሄድ ከትናንት ተቀጣሪው በታች ይጀምራል። ስለዚህ በወጣትነቱ በአነስተኛ ክፍያ የሠራው ሰው በመጨረሻዎቹ ዓመታት የሚያገኘው ከፍተኛ ደመወዝ ከፊሉ የዘገየ ክፍያ ነው። ሥራ አመራሩም ሰውየው የትም እንደማይሄድ ስለሚያውቅ በኪሳራ ዘመን መጀመሪያ የሚጨምቀው እሱን ነው። ይህን የሚያይ ወጣት የሚማረው ሌላ ትምህርት አለ፤ ካፒቴን ሰለንበርገርም በዚያው ምስክርነት ልጁ ይህን ሙያ እንዲከተል የሚፈልግ አብራሪ እንደማያውቁ ተናግረዋል።

ኩባንያው በእውነት ከከሰረ ከየት ይቀንስ ላሉት፣ አብራሪን አትንኩ የሚል መልስ የለኝም። የሥራ ሰዓትንና ክፍያን አብሮ መቀነስ፣ ቅደም ተከተል ሳይነካ ረጅም ፈቃድ መስጠት፣ የአውሮፕላን ዓይነቶችን ማሳነስ ይቻላል፤ የዓይነቱ ማነስ የሥልጠናውንም የመለዋወጫውንም ወጪ በአንድ ጊዜ ይቀንሳል። የሚያስፈራኝ በዕድሜ ተርታ ማሰናበት ነው፣ ምክንያቱም ከላይ አንድ ወንበር ሲለቀቅ ወደ እሱ የሚወጣው፣ የዚያን ቦታ የሚተካው፣ ከእሱ በታች ያለውም ሁሉ እንደ አዲስ በሲሙሌተር ማለፍ አለባቸው። በ2020 ወረርሽኙ ሲመጣ የአሜሪካ መንግሥት ለመንገደኛ አየር መንገዶች ሠራተኛ እንዳይበትኑ መጀመሪያ 25 ቢሊዮን ዶላር መደበ፤ ኩባንያዎቹ ግን በጎን ለአንጋፋ አብራሪዎቻቸው የማሰናበቻ ጥቅል አቀረቡ፣ ብዙዎችም ተቀብለው ወጡ። በ2022 ተሳፋሪው ሲመለስ አብራሪ ጠፋ፣ የሲሙሌተር ወረፋ ረዘመ፣ ትልልቆቹ ከትንንሾቹ ሰው ስለ ወሰዱ ወደ አነስተኛ ከተሞች የሚደረጉ በረራዎች ተሰረዙ። በማርች 2023 ዴልታ በአራት ዓመት ውስጥ ከ30 በመቶ በላይ የደመወዝ ጭማሪ የያዘ ውል ከአብራሪዎቹ ጋር አጸደቀ፤ ሌሎቹም ተከተሉት።

እንዲህ ያለ የጡረታ ጥቅል ወደ ጠረጴዛዎ ከመጣ፣ ጠቅላላውን የደመወዝ ቅናሽ ከማስላትዎ በፊት በዝርዝሩ ውስጥ ካሉት መካከል የመስመር አሠልጣኝ ካፒቴኖችና የሲሙሌተር ፈታኞች ስንት እንደሆኑ ይጠይቁ። ስሙን በማልጠቅሰው ኩባንያ በተቀመጥኩበት አንድ ስብሰባ ላይ ይህን ጥያቄ አንሥቼ ነበር፤ የቁጠባው መጠን እስከ መጨረሻው ሳንቲም ተሠልቶ በየፊታችን ተቀምጧል፣ የአሠልጣኞቹን ቁጥር የያዘ ሰው ግን በክፍሉ ውስጥ አልነበረም።